የባሕር ዓሣ በገንዳ ውስጥ፦ ምን ያህል ምግብ፣ በቀንስ ስንት ጊዜ?

መግቢያ

የባሕርን ዓሣ በመስተዋት ገንዳ ውስጥ አኑሮ ጠባዩንና አኗኗሩን መከታተል ለሥነ ሕይወት ተማሪ ብዙ ትምህርት የሚሰጥ ሥራ ነው። አኳሪየም ተብሎ የሚጠራው ይህ ገንዳ ግን እንደ ባሕር አይደለም። ባሕር እጅግ ሰፊና ጥልቅ ስለ ሆነ በውስጡ የሚበሰብሰውን ሁሉ ተቀብሎ ይበትነዋል፤ ገንዳው ግን የገባበትን ነገር ሁሉ ጠባቂው እስኪያወጣው ድረስ ይዞ ይቈያል። ከዚህ የተነሣ በገንዳ የሚኖር ዓሣ በረኃብ ሊሞት እንደሚችል ሁሉ፣ ጠባቂው በርኅራኄ አብዝቶ በሚሰጠው ምግብ ምክንያትም ሊሞት ይችላል። ሲበዛ ማርም ይመራል እንደ ተባለው ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ሁለት ጥያቄዎችን ነው። አንደኛው፣ ለባሕር ዓሣ በቀን ምን ያህል ምግብ ይሰጠዋል? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ይህ ምግብ ስንት ጊዜ ተከፍሎ ይሰጠዋል? የሚል ነው። ብዙ ሰዎች ሁለቱን እንደ አንድ ጥያቄ አድርገው ይመለከቷቸዋል። እኛ ግን ለየብቻቸው መታየት አለባቸው እንላለን። የምግቡን ብዛት በይበልጥ የሚወስነው ውኃው ሊሸከመው የሚችለው መጠን ነው፤ የጊዜውን ድግግሞሽ የሚወስነው ደግሞ የዓሣው የሆድና የአንጀት አሠራር ነው። ይህን ልዩነት የተረዳ ሰው ዓሣውን ሳያስርብ ውኃውን በንጽሕና ለመጠበቅ ይችላል።

ምሳሌዎቻችንን በአብዛኛው የወሰድነው ከቀይ ባሕር ዓሣዎች ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

1. ጥቂት ስለ ታሪኩ

ለሕዝብ የሚታይ የመጀመሪያው አኳሪየም የተከፈተው በ1853 በሎንዶን ከተማ፣ በሬጀንትስ ፓርክ በሚገኘው የአራዊት መጠበቂያ ውስጥ ነው። በዚህ ሥራ ትልቅ ድርሻ የነበረው እንግሊዛዊው ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ በ1854 «አኳሪየም» የሚል መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ ዘመን የነበረው ዋና አሳብ፣ በገንዳው ውስጥ እንስሳትንና የባሕር ዕፅዋትን በተመጣጠነ ቁጥር ካኖሩ እንስሳቱ የሚያበላሹትን ውኃ ዕፅዋቱ መልሰው ያድሱታል የሚል ነበር። አሳቡ መልካም ቢሆንም፣ ከውጭ የሚጨመረው ምግብ ሚዛኑን እንዴት እንደሚያፈርሰው ገና በሚገባ አልታወቀም ነበር።

የምግቡ ነገር እየተቃለለ የመጣው በ1930ዎቹ ነው። በ1933 በሳን ፍራንሲስኮ የስታይንሃርት አኳሪየም ባልደረባ የነበረው አልቪን ሲል፣ አርቴሚያ የምትባለው በጨው ሐይቅ የምትኖር ትንሽ ፍጥረት ከዕንቍላሏ እንደ ወጣች ለዓሣ ግልገሎች መልካም ምግብ እንደምትሆን ገለጠ። የአርቴሚያ ዕንቍላል ደርቆ ለብዙ ጊዜ ሊቀመጥ፣ ጨው ውኃ ውስጥ ሲገባም በአንድ ቀን ወይም በአንድ ቀን ተኩል ሊፈለፈል ስለሚችል፣ ከባሕር ርቆ ለሚኖር ሰው ሕያው ምግብ ለማግኘት አመቺ ሆነ።

የቀይ ባሕር ዓሣዎችን በተመለከተም ጥናቱ የቈየ ነው። ፔር ፎርስኮል የሚባለው ሊቅ በ1760ዎቹ ከዴንማርክ መንግሥት ጉዞ ጋር መጥቶ የሰበሰበው ጥናት እርሱ ከሞተ በኋላ በ1775 ታተመ። ከእርሱ በኋላ የመጣው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ብዙ የቀይ ባሕር ዓሣዎችን መዝግቧል። ይህ ሰው በ1830ዎቹ መጀመሪያ በምጽዋ በኩል ገብቶ እስከ ጎንደር የተጓዘው መንገደኛ ራሱ ነው።

2. ዓሣው በባሕር ውስጥ እንዴት ይበላል?

ስንት ጊዜ እንመግበው የሚለውን ለመመለስ፣ ዓሣው ሰው ሳይደርስበት እንዴት ይበላ እንደ ነበር አስቀድመን መመልከት አለብን። ለዚህ ጽሑፍ ያህል ዓሣዎቹን በሦስት ወገን እንከፍላቸዋለን።

የመጀመሪያው ወገን ግጦሽ የሚግጡት ናቸው። ከነዚህ አንዱ በዐረብኛ ስሙ ሶሃል የሚባለው፣ ሰማያዊና ነጭ ሰንበር ያለው፣ በጭራው ሥር እንደ ካራ የሚቈርጥ እሾህ የያዘው ዓሣ ነው። ሶሃል የሚኖረው ማዕበል በሚመታው የኮራል ሪፍ ጠርዝ ላይ ሲሆን፣ ከንጋት እስከ ምሽት በድንጋዩ ላይ የበቀለውን አልጌ ሲነጭ ይውላል። አልጌ ኀይል ሰጪነቱ አነስተኛ ስለ ሆነ ዓሣው ብዙ መብላት አለበት፤ አንጀቱም ረጅም ነው። በሜዳ ላይ ውሎ የሚግጥን በግ ይመስላል። በጉን ቀኑን ሙሉ በረት ዘግተን ማታ አንድ እፍኝ እህል ብንሰጠው እንደማይስማማው ሁሉ፣ ይህም ዓሣ በቀን አንድ ጊዜ በሚሰጠው ምግብ ደኅና ሆኖ አይቈይም።

ሁለተኛው ወገን ውኃው የሚያመጣላቸውን ደቃቅ ፍጥረት፣ ማለት ፕላንክተንን፣ እየለቀሙ የሚበሉት ናቸው። አንቲያስ የሚባሉት ብርቱካናማ ትንንሽ ዓሣዎች በቀይ ባሕር ሪፍ ላይ በመንጋ ሆነው ወደ ማዕበሉ ዞረው ቀኑን ሙሉ ሲለቅሙ ይታያሉ። ሩፔል በ1830 የመዘገበው ባለ ሁለት ነጭ ቀበቶው የቀይ ባሕር ክላውንፊሽም፣ አኔሞኒ በምትባለው ተናዳፊ የባሕር እንስሳ ክንዶች መካከል ተጠግቶ እየኖረ ፕላንክተንና ጥቂት አልጌ ይበላል። እነዚህ ዓሣዎች በአንድ ጊዜ የሚወስዱት ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ቶሎ ቶሎ ይወስዳሉ።

ሦስተኛው ወገን አድፍጠው የሚያድኑት ናቸው። መርዘኛ እሾህ ያለው የአንበሳ ዓሣ ቀን ቀን በድንጋይ ጥላ ሥር ተደብቆ ይውልና ጀንበር ስትጠልቅ ወጥቶ ትንንሽ ዓሣዎችንና ሽሪምፖችን ይውጣል። ጨጓራው ሰፊ ስለ ሆነ በአንድ ጊዜ ብዙ ይይዛል፤ ያንን እስኪፈጭ ድረስም ሌላ ሳይሻ ይቈያል። ይህ እንደ ዘንዶ ነው፤ አንድ ጊዜ ከዋጠ በኋላ በየሰዓቱ የሚጨመርለት ምግብ ጕዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

ከነዚህ ውጭ ደግሞ በገንዳ ውስጥ ለመመገብ እጅግ የሚያስቸግሩ አሉ። ለምሳሌ ሩፔል በ1836 የመዘገበው የቀይ ባሕር ቢራቢሮ ዓሣ የሚበላው ሕያው ኮራልን ብቻ ነው ሊባል ይቻላል። እንዲህ ያለውን ዓሣ ገዝቶ በገንዳ ማስገባት በአብዛኛው በረኃብ እንዲሞት መፍረድ ይሆናል። ስለዚህ የአመጋገብ ጥያቄ የሚጀምረው ዓሣው ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ነው።

ለሦስቱም ወገኖች የሚሠራ አንድ ነገር አለ። ዓሣ እንደ ሰው ወይም እንደ ወፍ የራሱን ሙቀት ጠብቆ የሚኖር ፍጥረት አይደለም፤ ውኃውም ሰውነቱን ይደግፈዋል። ከዚህ የተነሣ የዓሣ የዕለት ቀለብ በክብደት ከሚመሳሰለው ደመ ሙቅ እንስሳ ቀለብ እጅግ ያነሰ ነው። የሚመግበው ሰው ግን የራሱን ረኃብ መለኪያ አድርጎ ስለሚያስብ ሁልጊዜ ያበዛበታል።

3. ምግቡ በውኃው ውስጥ ምን ይሆናል?

ዓሣ የበላው ፕሮቲን ለኀይል በተቃጠለ ጊዜ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ፣ በአብዛኛው በስንጥቡ በኩል ወደ ውኃው ይወጣል። ያልተበላ ምግብም ሲበሰብስ እንዲሁ አሞኒያ ይሆናል። እንግዲህ ምግቡ ተበላም አልተበላም መጨረሻው ከዚያው ውኃ ውስጥ ነው ማለት ነው። ልዩነቱ፣ የተበላው አስቀድሞ ዓሣውን ይጠቅማል፤ ያልተበላው ግን ማንንም ሳይጠቅም ውኃውን ያበላሻል።

አሞኒያ ለዓሣ መርዝ ነው። የመርዝነቱም ኀይል በውኃው ጠባይ ይለያያል። ፒ ኤች የሚባለው መለኪያ 7 በሆነበት ጨው አልባ ውኃ ውስጥ፣ ከጠቅላላው አሞኒያ በብርቱ የሚመርዘው ክፍል ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። የባሕር ውኃ ፒ ኤች ግን 8.2 ያህል ስለ ሆነ ይኸው ክፍል ከዐሥር እጥፍ በላይ ያድጋል። ስለዚህ የወንዝ ዓሣ የሚታገሠው ስሕተት የባሕሩን ዓሣ ሊገድለው ይችላል።

ተፈጥሮ ለዚህ መድኀኒት አዘጋጅታለች። በገንዳው አሸዋና ድንጋይ ላይ፣ በማጣሪያውም ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎች ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህን ባክቴሪያዎች ለይቶ በማውጣት በ1890 የታወቀው ሩስያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ነው። በ2005 ደግሞ ከባክቴሪያ ወገን ያልሆነ፣ አርኬያ ከሚባለው ወገን የሆነ፣ ይህንኑ የአሞኒያ ሥራ የሚሠራ አዲስ ፍጥረት ተገኘ። የተገኘውም በአሜሪካ በሲያትል አኳሪየም ካለው የባሕር ዓሣ ገንዳ ጠጠር ላይ ነው። ከባሕር ቀርቶ ከዓሣ ገንዳ እንዲህ ያለ ዕውቀት መገኘቱ ገንዳው የምርምር ቦታ ለመሆን እንደሚበቃ ያሳያል።

እነዚህ ፍጥረታት በአዲስ ገንዳ ውስጥ በበቂ ቁጥር እስኪራቡ ድረስ ብዙ ሳምንታት ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ውስጥ እጁን የማይሰበስብ መጋቢ ገንዳውን ገና ሳይጀምር ይጨርሰዋል። በቈየ ገንዳም ቢሆን ቁጥራቸው የሚመጣጠነው በየቀኑ ከሚገባው የተለመደ ምግብ ጋር ስለ ሆነ፣ ቀለቡን በአንድ ቀን ሦስት እጥፍ ማድረግ ካቅማቸው በላይ ሸክም መጫን ነው።

4. የአንድ ግራም ምግብ ሒሳብ

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በቁጥር እንመልከተው። 200 ሊትር የሚይዝ ገንዳ አለን እንበል። በየቀኑ አንድ ግራም ደረቅ ምግብ እንጨምርበታለን፤ ከምግቡም ግማሹ ፕሮቲን ነው። ከፕሮቲን ክብደት ውስጥ ከመቶ 16 ያህሉ ናይትሮጅን ስለ ሆነ፣ በአንዱ ግራም ውስጥ 80 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን አለ ማለት ነው።

ገንዳው አዲስ ሆኖ ባክቴሪያዎቹ ገና ካልራቡ፣ ይህ 80 ሚሊ ግራም አሞኒያ ሆኖ ሲከማች በእያንዳንዱ ሊትር ላይ 0.4 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን ይጨምራል። ይህም የአንድ ቀን ብቻ ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ዓሣው በውኃው ገጽ ላይ አፉን እየከፈተ መታየት ቢጀምር ሊያስደንቀን አይገባም።

ገንዳው የቈየ ከሆነ አሞኒያው ወደ ናይትሬት ይለወጣል። 80 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን ከኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ ናይትሬት ሲሆን 354 ሚሊ ግራም ይመዝናል፤ በ200 ሊትር ሲካፈል በሊትር 1.8 ሚሊ ግራም ያህል ይደርሳል። በ30 ቀን 53 ሚሊ ግራም ይሆናል። ይህ ከፍተኛው ግምት ነው፤ በማደግ ላይ ያለ ዓሣ ጥቂቱን ሥጋ ያደርገዋል፤ አልጌም የተወሰነውን ይወስዳል። ቢሆንም መንገዱ ወደ የት እንደሚያመራ ያሳየናል።

አንዳንድ ሰው፣ በየወሩ ከውኃው አንድ አምስተኛውን እለውጣለሁ፤ ስለዚህ አያሳስበኝም ይላል። ከ200 ሊትር 40 ሊትር አውጥቶ በአዲስ መተካት ግን 53 ሚሊ ግራሙን ወደ 42 ብቻ ነው የሚያወርደው። በሚቀጥለው ወር ሌላ 53 ይጨመራል። ሒሳቡ እንዲህ እያለ ቢቀጥልና ሌላ መውጫ ባይኖረው፣ ናይትሬቱ ወደ 265 ሚሊ ግራም እስኪጠጋ ድረስ መውጣቱን አያቆምም። ለዚያውም 40 ሊትር የባሕር ውኃ ለማዘጋጀት በሊትር 35 ግራም ተደርጎ 1.4 ኪሎ ግራም የገንዳ ጨው ያስፈልጋል። እንግዲህ ቀለቡን በግማሽ መቀነስ፣ ውኃውን በእጥፍ ከመለወጥ የቀለለና የረከሰ መንገድ መሆኑ ግልጽ ነው።

ናይትሬት እንደ አሞኒያ ፈጥኖ አይገድልም። ብዙ ዓሣዎች በሊትር በዐሥር የሚቈጠር ሚሊ ግራም ይታገሣሉ፤ ኮራልና አኔሞኒ ግን ቀድመው ይጐዳሉ። ገንዳውም አረንጓዴና ቡናማ ዝቃጭ ይለብሳል።

5. የኦክሲጅን ነገር፣ በተለይም በደጋ አገር

ስለ ምግብ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚረሳው ኦክሲጅን ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ በባሕር ጠረፍ፣ አንድ ሊትር ጨው አልባ ውኃ 8.3 ሚሊ ግራም ያህል ኦክሲጅን ሊይዝ ይችላል። የባሕር ውኃ ግን ጨው ስላለበት 6.8 ያህል ብቻ ይይዛል። የባሕር ዓሣ ገንዳ ከመነሻው ድኻ ነው ማለት ነው።

ገንዳው የተቀመጠው በአዲስ አበባ ከሆነ ነገሩ ይብሳል። ከባሕር ወለል ወደ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ቦታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ነው፤ በውኃ የሚሟሟውም ኦክሲጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ያው የባሕር ውኃ በአዲስ አበባ በሊትር ከ5 ሚሊ ግራም ብዙም የማይበልጥ ይይዛል። በ200 ሊትር ውስጥ በጠቅላላው የሚገኘው አንድ ግራም ያህል ኦክሲጅን ነው።

አንድ ግራም ደረቅ ምግብ ሳይበላ ቀርቶ ሙሉ በሙሉ ሲበሰብስ ደግሞ ቢያንስ አንድ ግራም ኦክሲጅን ይፈጃል። ይህም በገንዳው ውኃ ውስጥ ካለው ሁሉ ጋር የሚተካከል ነው። እርግጥ ብስባሹ በአንድ ጊዜ አይደርስም፤ አየሩም በውኃው ገጽ በኩል የጐደለውን ይተካል። ሌሊት ግን አልጌ ራሱ ኦክሲጅን የሚስብ እንጂ የሚሰጥ ስላልሆነ፣ ማታ ተትረፍርፎ የተሰጠ ምግብ ጧት ዓሣውን ሞቶ እንድናገኘው ሊያደርግ ይችላል። ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ ከባሕር ጠረፍ አገር በተጻፈ መመሪያ ላይ የሚገኘው የቀለብ መጠን ለደጋ አገር ገንዳ ሊበዛ ይችላል። ሁለተኛ፣ የመጨረሻው ምግብ መብራት ከመጥፋቱ ቢያንስ አንድ ሰዓት አስቀድሞ መሰጠት አለበት፤ አየር መንፊያውም ሌሊት መጥፋት የለበትም።

6. ብዛቱን እንዴት እንወስናለን?

የተለመደው መመሪያ፣ ዓሣዎቹ በሁለት ወይም በሦስት ደቂቃ ውስጥ በልተው የሚጨርሱትን ያህል ስጥ የሚል ነው። ይህ ያልተበላ ምግብ እንዳይቀር ስለሚያደርግ ለጀማሪ መልካም ነው። ነገር ግን ጕድለት አለው። ክላውንፊሽ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከሚያስፈልገው በላይ ሊውጥ ይችላል፤ ፈሪው ዓሣ ደግሞ በዚያው ሁለት ደቂቃ ከድንጋይ ሥር እንኳ አይወጣም። ስለዚህ መመሪያው ከሚዛን ጋር ቢጣመር ይሻላል።

ለአዋቂ ዓሣ፣ በቀን ከሰውነቱ ክብደት ከመቶ አንድ ያህል ደረቅ ምግብ ለመነሻ የሚሆን ግምት ነው። ዓሣዎቻችን በጠቅላላው 60 ግራም ይመዝናሉ ብለን ብንገምት መነሻው 0.6 ግራም ይሆናል። ይህን ያህል ትንሽ ነገር የወጥ ቤት ሚዛን በትክክል አያሳይም። ስለዚህ የዐሥር ቀኑን 6 ግራም በአንድ ጊዜ መዝኖ በዐሥር ትንንሽ ወረቀት መጠቅለል ይቻላል። እንዲህ ያደረገ ሰው የቀኑን ቀለብ በዓይኑ ሲያይ አስቀድሞ ይሰጥ ከነበረው ምን ያህል እንደሚያንስ ይረዳል።

በበረዶ የተቀመጠ ምግብ ሲሆን ሒሳቡ ይለወጣል። ሽሪምፕ፣ አርቴሚያና የመሳሰሉት አብዛኛው ክብደታቸው ውኃ ነው። 4 ግራም የሚመዝን የበረዶ ምግብ ከመቶ 85 እጁ ውኃ ቢሆን፣ በውስጡ ያለው ደረቅ ምግብ 0.6 ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ የደረቁን ምግብ መጠን በበረዶው መጠን መተካት ዓሣውን ማስራብ ይሆናል፤ የበረዶውን መጠን በደረቁ መተካት ደግሞ ውኃውን መመረዝ ይሆናል። የበረዶ ምግብ አስቀድሞ በትንሽ ውኃ ሟሙቶ፣ ጭማቂው ተጠልሎ ቢደፋ መልካም ነው። ጭማቂው ዓሣው የማይበላው ቆሻሻ ነውና።

ምግቡ ዓይነቱ የተለያየ ይሁን። የተፈለፈለች አርቴሚያ በሰዓታት ውስጥ የያዘችውን ስብ እየጨረሰች ስለምትሄድ ወዲያው ብትሰጥ ይሻላል። ለአንበሳ ዓሣ ርካሽ ነው ተብሎ ወርቅ ዓሣ ዘወትር መስጠትም አይገባም፤ በወርቅ ዓሣ ሥጋ ውስጥ ቲያሚን የተባለውን ቪታሚን የሚያፈርስ ነገር ስላለ፣ ሆዱ ሞልቶ ሳለ በጕድለት በሽታ ይያዛል።

7. በቀን ስንት ጊዜ?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ። ከላይ እንደ ተመለከትነው ውኃውን የሚያከብደው የቀኑ ጠቅላላ መጠን ነው። ያው 0.6 ግራም በአንድ ጊዜ ቢሰጥም በአራት ጊዜ ቢሰጥም የሚያወጣው ናይትሬት አንድ ነው። እንዲያውም ተከፍሎ ሲሰጥ የሚተርፈው ስለሚያንስ ውኃው ይጠቀማል። ስለዚህ ዓሣ ከሳ ብለን ስንጠራጠር መጀመሪያ ማድረግ ያለብን ያንኑ ቀለብ በብዙ ጊዜ መክፈል ነው። ይህ ካልበቃ ብቻ መጠኑን በጥቂቱ እንጨምራለን፤ በጨመርን ጊዜም የምናወጣውን ቆሻሻ መጨመር አለብን። ይህም ውኃውን በመለወጥ ወይም ቆሻሻውን በአረፋ በሚለየው መሣሪያ ሊሆን ይችላል።

ለየወገኑ የሚስማማው እንዲህ ነው። እንደ አንቲያስ ላሉ ፕላንክተን ለቃሚዎች በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ፣ በየጊዜው እጅግ ጥቂት። ለክላውንፊሽ በቀን ሁለት ጊዜ ይበቃል። እንደ ሶሃል ላሉ ጋጮች፣ ጃፓኖች ለምግብ የሚያደርቁት ኖሪ የሚባል የባሕር አልጌ ቅጠል በመስተዋቱ ላይ ታስሮ ቀኑን ሙሉ እየነጩ እንዲውሉ ይደረጋል፤ ማታ የቀረው ይወጣል። ሶሃል እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ስለሚያድግ ግን ለ200 ሊትር ገንዳ የሚሆን ዓሣ አይደለም። ለአዋቂ የአንበሳ ዓሣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይበቃዋል።

ጨጓራ የሌለው የባሕር ፈረስ የበላው ቶሎ ስለሚያልፍ በቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ ቢቻልም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ከዕንቍላል ገና የወጡ ግልገሎች ደግሞ የተጠራቀመ ኀይላቸው እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ብርሃን ባለበት ጊዜ ሁሉ ምግብ ከፊታቸው እንዳይጠፋ ያስፈልጋል። ለነሱ የሚሠራው ሕግ ለአዋቂዎቹ አይሠራም።

8. የሚታዩ ምልክቶች

ማንኛውም ቁጥር ግምት ስለ ሆነ በዓይን መታረም አለበት። ምግቡ እንዳነሰ የሚያሳየው ምልክት ሆዱ ወደ ውስጥ መግባቱና፣ ከዚያም በላይ ከራሱ በስተኋላ ያለው የጀርባ ሥጋ መሳሳቱ ነው። ሆድ በአንድ ቀን ይሞላል፤ የጀርባ ሥጋ ግን የሳምንታት ታሪክ ስለሚናገር ይበልጥ ይታመናል። ዓሣው እየበላ ሳለ ከከሳ ግን የአንጀት ትል ወይም ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ምግብ በመጨመር ብቻ አይድንም።

ምግቡ እንደ በዛ የሚያሳዩት ደግሞ ከአምስት ደቂቃ በኋላ በአሸዋው ላይ የሚታይ ትራፊ፣ የውኃው መደፍረስ፣ የአልጌ ዝቃጭ መብዛትና በሳምንታዊ ምርመራ የሚገኘው ናይትሬት መጨመር ናቸው። ዓሣው ሰው በቀረበ ቁጥር ወደ መስተዋቱ መሮጡ ግን የረኃብ ምልክት ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ይህ ሰውና ምግብ አብረው እንደሚመጡ የተማረ ዓሣ ጠባይ ነው፤ የጠገበውም ያደርገዋል።

9. ጠባቂው በማይኖርበት ጊዜ

ብዙ ገንዳ የሚጠፋው ባለቤቱ መንገድ በሄደበት ሳምንት ነው። ጎረቤት ወይም ዘመድ አደራ ይቀበልና ዓሣዎቹ ወደ መስተዋቱ ሲሮጡ አይቶ፣ አንጀቱ እየራራ በቀን ሦስት ጊዜ በእፍኝ ይጨምራል። ክፋት የለበትም፤ የጐደለው ልክ ብቻ ነው። ስለዚህ የምግቡ ዕቃ ተቈልፎ፣ የየቀኑ ቀለብ ተመዝኖ በየወረቀቱ ተጠቅልሎ፣ ቀኑም ተጽፎበት ቢሰጥ አደራው ቀላል ይሆናል። ጤነኛና ያልከሳ አዋቂ ዓሣ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ያለ ምግብ ቢቈይ ጕዳት አያገኘውም። ለአንቲያስ፣ ለባሕር ፈረስና ለግልገሎች ግን ይህ አይፈቀድም።

መደምደሚያ

እስካሁን የተናገርነውን በአጭሩ ስንሰበስበው፣ የቀኑን መጠን በሚዛን ወስኖ ውኃው ከሚችለው በላይ አለማሳለፍ፤ ያንን መጠን እንደ ዓሣው ወገን በብዙ ወይም በጥቂት ጊዜ መክፈል፤ ከዚያም የዓሣውን ጀርባና የውኃውን ናይትሬት በየሳምንቱ እያዩ ማረም ነው።

ይህ ጥንቃቄ ለአንድ ገንዳ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ክላውንፊሽንና ጥቂት ሌሎችን በገንዳ ማራባት ቢቻልም፣ ለገበያ ከሚቀርቡት የባሕር ዓሣ ዓይነቶች አብዛኞቹ እስከ ዛሬ የሚያዙት ከሪፍ ላይ ነው። በአመጋገብ ስሕተት የሞተ ዓሣ በሌላ ሲተካ፣ ተተኪው ከዚያው ሪፍ ተይዞ ይመጣል። በደኅና የተያዘ ክላውንፊሽ ግን በገንዳ ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። የየቀኑን ቀለብ ለመመዘን የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ከዚህ ዕድሜ ጋር ሲነጻጸር ብዙ ድካም አይደለም። ገንዳ ያላቸው አንባቢዎቻችንም ዛሬ ማታ በእጃቸው ዘግነው የሚሰጡትን ምግብ በሚዛን ላይ አድርገው በግራም እንዲያነቡት እንመክራለን።